ሃያ አንድ መለኪያ

የአንባቢ ደብዳቤ

ለዓምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

የ23 ዓመት ወጣት ነኝ። ከአዲስ አበባ ወደ ሚኒሶታ የመጣሁት በ17 ዓመቴ ነው። ያመጣችኝም ያስተማረችኝም የእናቴ እህት ናት። ትንሹ ልጇ እዚሁ ሴንት ፖል ተወልዶ ያደገ ነው። እኔ ስመጣ 14 ዓመቱ ነበር። እኔ አማርኛ አስተማርኩት፤ እሱ ደግሞ በእንግሊዝኛዬ አንድ ቀን እንኳ ሳይስቅ አረመኝ። «የአክስቴ ልጅ» ብዬ ጠርቼው አላውቅም። ወንድሜ ነው።

አሁን ከቤታችን አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና በሚያስኬድ ከተማ፣ በአንድ ዩኒቨርሲቲ እንማራለን። እኔ የመጨረሻ ዓመት ነኝ፤ እሱ ሦስተኛ ዓመት ነው። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ ይኖራል። ዩኒቨርሲቲ የገባ ቀን አክስቴ ሻንጣውን አስገብታ ስትጨርስ ወደ ጎን ጠራችኝና «ልጄን አደራ፤ ከእግዚአብሔር በታች ያለሁት ባንቺ ነው» አለችኝ።

ከጥምቀት በኋላ በሚመጣው ቅዳሜ 21 ዓመት ይሞላዋል። እዚህ ሀገር መጠጥ የሚፈቀደው በዚህ ዕድሜ ስለሆነ ጓደኞቹ ዝግጅት ከጀመሩ ወር አልፏቸዋል። ዓርብ ሌሊት ልክ 6 ሰዓት ሲሆን መጠጥ ቤት ይዘውት ሊገቡ ነው። ቅዳሜ ማታ ደግሞ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እያዞሩ ሃያ አንድ መለኪያ ሊያስጠጡት አስበዋል። ሃያ አንድ መስመር ያለበት ካርቶን ሠርተዋል፤ በአንገቱ ያንጠለጥሉለትና በጠጣ ቁጥር አንድ መስመር ይሰርዛሉ። ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው፤ እየሳቀ። «አንቺ ስለማትጠጪ ሾፌራችን ሁኚልን» አለኝ። ለምን እንደሚያደርገው ስጠይቀው «ሁሉም ያደርገዋል፣ አንድ ቀን ነው» ብሎ ዘጋኝ።

ጠጪ አይደለም። ግብዣ ላይ አንድ ጠርሙስ ቢራ ይዞ እስኪሞቅ ድረስ ሲዞር ነው የማውቀው። ይበልጥ ያስፈራኝም ይኸው ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልዎት። አባቴ ጠጪ ነበር። ማታ በሩን ሲያንኳኳ፣ ከአንኳኳቱ ብቻ ስንት እንደጠጣ እናውቅ ነበር። እስከ ዛሬ አረቄ ሲሸተኝ ሆዴ ይላወሳል። ስለዚህ የምፈራው ለወንድሜ ይሁን፣ ወይም የአባቴ ነገር እየተከተለኝ ይሁን መለየት አቃተኝ። ለአክስቴ ብነግራት ያን ቀኑን መኪናዋን አስነስታ ትመጣለች፤ እሱም ከእንግዲህ ምንም አይነግረኝም። ባልነግራትና አንድ ነገር ቢሆን ደግሞ በምን ዓይኔ አያታለሁ? ሾፌር ልሁን? ልቅር? ልንገር? ሁለት ሳምንት ቀርቶኛል።

አደራው የከበዳት፣ ከሚኒሶታ

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው «ይህን የነገረኝ እሱ ራሱ ነው» በምትለው መስመር ላይ ነው። ሃያ አንዱን መለኪያ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። የ20 ዓመት ወጣት ከቤተሰቡ ሁሉ አንድ ሰው መርጦ ዕቅዱን ነግሯል፤ ከዚያም አልፎ አብራው እንድትሆን ጠይቋል። ሳቁን እኔ አላየሁትም፤ አንቺ አይተሽዋል። የጓጓ ሰው ሳቅ ነበር ወይስ «እስቲ አንድ ነገር በይኝ» የሚል ሳቅ? የማይፈልገውን ነገር «አልፈልግም» ማለት ያፈረ ሰው፣ ለሚያምነው ሰው እየቀለደ ይነግረዋል። ይህ እንደዚያ ይሁን አይሁን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። በየትኛውም ቢሆን በሩን ከፍቶልሻል፤ የምመክርሽም ያ በር እንዳይዘጋ እየተጠነቀቅሁ ነው።

ፍርሃትሽ ለእሱ ነው ወይስ ከአባትሽ የተረፈ ነው ብለሻል። ከሁለቱም ነው እላለሁ። የአባትሽን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። የእሱን ግን በቁጥር ልንለካው ስለምንችል እንለካው።

አሜሪካኖች «አንድ መጠጥ» ብለው የሚቆጥሩት 14 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ያለበትን ነው። ቢራ ከሆነ 355 ሚሊ ሊትር፣ ወይን ከሆነ 148 ሚሊ ሊትር፣ ከመቶ 40 እጅ አልኮል የሆነ ጠንካራ መጠጥ ከሆነ ደግሞ 44 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። አንዱ የመጠጥ ቤት መለኪያ ይህ 44 ሚሊ ሊትር ነው። በሃያ አንድ አባዢው፤ 924 ሚሊ ሊትር ይመጣል። አንድ ሊትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው አረቄ ነው እንግዲህ። ካርቶን ላይ በመስመር ሲከፋፈል ጨዋታ ይመስላል። አንድ ሰው ጠርሙሱን እንዳለ አምጥቶ «ይህን ዛሬ ማታ ብቻህን ጨርስ» ቢለው ግን ከጓደኞቹ መካከል የሚስቅ አንድም አይኖርም።

ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው ከእነዚህ መጠጦች አንዱን ያህል ነው። ቡና አያፋጥነውም፤ ቀዝቃዛ ውኃ መታጠብም እንዲሁ። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ጀምሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት መጠጥ ቤቶቹ ሲዘጉ ካርቶኑን ቢጨርስ፣ አልኮሉ ከደሙ ጠርቶ የሚወጣው እሁድ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ወደ 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ ይህን ያህል በአምስት ሰዓት ውስጥ ቢጠጣ፣ በተለመደው ስሌት በደሙ ያለው የአልኮል መጠን ከ0.40 በመቶ ያልፋል። መኪና መንዳት የሚያስከለክለው 0.08 ነው። 0.40 ላይ የሚያሳስበው መንገዳገድ አይደለም፤ መተንፈስን የሚያዝዘው የአንጎል ክፍል ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ፍርሃትሽ ከአባትሽ ብቻ የመጣ አይደለም። አባትሽ በሕይወቱ መለኪያ ነክቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮም ልትፈሪ ይገባሽ ነበር።

እኔ በልደት ያደግሁ ሰው አይደለሁም። እናቴ የተወለድኩበትን ቀን የምታስታውሰው «የሚካኤል ማግስት፣ በረዶ የጣለ ዕለት» ብላ ነው። ወረቀቴ ላይ ያለው ቀን የተገኘው የቪዛ ቅጽ ስሞላ ነው። ስለዚህ ይህ የሃያ አንድ ልደት ነገር እስኪገባኝ ጊዜ ወስዶብኛል። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣ የፌዴራል ሕግ የመጠጥ ዕድሜን 21 ያላደረገ ክፍለ ግዛት ለአውራ ጎዳና ከሚሰጠው ገንዘብ እንዲቀነስበት አዘዘ፤ እስከ 1988 ሁሉም ተቀበሉት። ዕድሜው በእኛም ሀገር ያው ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ግን አዲስ አበባ ውስጥ 21 ስለሞላው ካርቶን በአንገቱ ያንጠለጠለ ወጣት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ አላየሁም። ሕጉ አንድ ሆኖ ሳለ እዚያ የዕድሜ ገደብ ብቻ ነው፤ እዚህ ግን ጓደኞች የሚያሳልፉት ፈተና ሆኗል። ለሐበሻ ቤት ልጅ ደግሞ ሌላም ነገር ይጨመርበታል። ዓመቱን ሙሉ «እናቴ አትፈቅድም» ሲል የኖረ ልጅ ያን ማታ እንደ እነሱ መሆኑን ማሳየት ይፈልግ ይሆናል። ይህ ግምቴ ነው፤ ብትጠይቂው አይከፋም።

«ሁሉም ያደርገዋል» ያለሽን እንመልከተው። የሚዙሪ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2,500 በላይ ተማሪዎችን ስለ 21ኛ ልደታቸው ጠይቀው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2008 አሳትመው ነበር። 83 በመቶው ልደቱን በመጠጥ አክብሯል። ከጠጡት ወንዶች 34 በመቶ፣ ከሴቶቹ 24 በመቶ ሃያ አንድና ከዚያ በላይ መጠጣታቸውን ተናግረዋል። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ አልደብቅሽም። ግን በዚያው ቁጥር ከጠጡት ወንዶች ሁለት ሦስተኛው ሃያ አንድ አልደረሱም። «ሁሉም» የሚባለው እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ነው። ከጥናቱ እኔን የያዘኝ ሌላው ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ ከጠጡት ግማሽ ያህሉ በዚያ ሌሊት የጠጡት ከዚያ በፊት በሕይወታቸው ከጠጡት ከፍተኛ መጠን ያለፈ ነበር። የልደት ሌሊት ጠጪውን ብቻ መርጦ አይጎዳም። አንድ ቢራ እስኪሞቅ የሚያዞረውን የአንቺን ወንድም ዓይነት ልጅ ይወስዳል። ልማድ የሌለው ሰው መቼ ማቆም እንዳለበት የሚነግረው ልምድም የለውም።

እ.ኤ.አ. በ1998 የሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረ አንድ ወጣት 21 ዓመት በሞላው ሌሊት ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ 24 መለኪያ ጠጥቶ ሞተ። ወላጆቹ በስሙ ድርጅት አቋቁመው፣ 21 ዓመት ሊሞላቸው ለተቃረቡ ተማሪዎች የልጃቸውን ታሪክ የያዘ የልደት ካርድ መላክ ጀመሩ። እንደ እናት ሳስበው እጄ ይንቀጠቀጣል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም የራሳቸውን ካርድ መላክ ጀመሩ፤ ተመራማሪዎችም ይህ ነገር ይሠራል ወይ ብለው ፈተሹት። ካርድ ብቻውን ሲላክ ተማሪው የሚጠጣውን መጠን ብዙም እንዳልቀነሰ ያገኙ አሉ። አይገርመኝም፤ እኔም «ተጠንቀቅ» የሚል ወረቀት አንብቤ የተውኩት ነገር ትዝ አይለኝም።

የተሻለ የሠራው ወሬው ስለ ራሱ ሲሆን ነው። ሲያትል በሚገኘው በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ልደታቸው ጥቂት ቀን የቀራቸውን ተማሪዎች ስለ ራሳቸው ዕቅድ ጠየቋቸው፤ ስንት ለመጠጣት አስበሃል? በስንት ሰዓት? ከዚያ ያ መጠን በእያንዳንዱ ክብደት ደሙን የት እንደሚያደርሰው፣ ሌሎች ተማሪዎችም እነሱ ከሚገምቱት በጣም ያነሰ እንደሚጠጡ አሳዩአቸው። ይህን ያዩት ተማሪዎች ካላዩት ይልቅ በልደታቸው ሌሊት የሰከሩት ያነሰ ነበር። የልደቱ ባለቤት ጓደኛም እንዲገባበት ያደረጉበት ሙከራ አለ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ቤዚክስ» የሚባለው አሠራርም ይህንኑ መንገድ ይከተላል። ተማሪው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ከአማካሪ ጋር ቁጭ ብሎ፣ ማንም ሳይቆጣው ሳይመክረው፣ ስለ ገዛ አጠጣጡ ይነጋገራል። ዛሬ ብዙ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አላቸው። በተማሪዎች ጤና ማዕከላችሁ መኖሩን ጠይቂ፤ ካለ ስለ ልደቱ ብቻ ብሎ መሄድ ይችላል። «አልሄድም» ካለሽም ጥያቄዎቹን አንቺ ልትጠይቂው ትችያለሽ፤ የሚከብድ ነገር የላቸውም።

እንዴት እንደምታደርጊው እንነጋገር። ቤትሽ ጥሪውና ሽሮ ሥሪለት፤ ብቻውን ይምጣ። ከበላ በኋላ አንድ የውኃ ማንቆርቆሪያና አንድ ትንሽ መለኪያ ብርጭቆ አምጪና «እስቲ ልደትህን እንቁጠረው» ብለሽ ውኃ በመለኪያው እየሰፈረ እሱ ራሱ ይጨምር። ሃያ አንድ ጊዜ። ስትጨርሱ ምንም አትናገሪ፤ ማንቆርቆሪያው ይናገር። ከዚያ ጠይቂው። እሁድ ስትነሳ ስለዚያ ማታ ምን ማስታወስ ትፈልጋለህ? እስከ ስንተኛው ድረስ ደስታ ይሆንልሃል፣ ከስንተኛው በኋላ ለእነሱ ብለህ ነው የምትጠጣው? ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ቀስ ብለሽ ጠይቂው፤ መልሱም እስኪመጣ ታገሺ።

ቁጥሩን የሚናገረው እሱ ይሁን። «አምስት» ቢል «ለምን ሦስት አይሆንም?» ብለሽ አትከራከሪው፤ ገበያ አይደለም። በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሆነ ብቻ ጠይቂው። ሁለት ሰዓት ውስጥ አምስት መጠጥ ለወንድ ከልክ ያለፈ የሚባለው ነው፤ አምስቱ በአምስት ሰዓት ከምግብና ከውኃ ጋር ሲሆን ግን ሌላ ማታ ነው። የራሱን ቁጥር የተናገረ ሰው ቢያንስ የሚያልፈው ነገር እንዳለ እያወቀ ያልፈዋል። ካርቶኑ ላይ ያለው ሃያ አንድ ግን የማንም ቁጥር አይደለም።

ዓርብ ሌሊት 6 ሰዓት የተባለውን ደግሞ ሕጉ ራሱ ያስቀረዋል። በሚኒሶታ አንድ ሰው ለመጠጥ 21 ሞላው የሚባለው በልደቱ ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምሮ ነው። ልክ ሰዓቱ ሲመታ ገብቶ መጠጥ ቤቱ እስኪዘጋ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያለውን ሁሉ መጋትን ለማስቀረት ሆን ተብሎ የተደነገገ ነው። ጓደኞቹ ይህን ሳያውቁ አቅደው ይሆናል። እንደ ወሬ ንገሪው፤ አንዱ ሌሊት በዚሁ ከዕቅዱ ይወጣል።

ከዚያ አንድ ሰው ፈልጉ። ከሦስቱ ጓደኞቹ ጠዋት ቡና የሚያፈላው፣ ሌሎቹ ሲጮሁ ዝም የሚለው የትኛው ነው? ወንድምሽን አስፈቅደሽ እሱን ብቻ አናግሪው። ከኋላው ሄደሽ እንዳታደርጊው ግን። «የሱ ቁጥር ይህ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ብርጭቆ አንተ ተቀበልለት» በይው። ሦስቱንም ለማሳመን አትድከሚ፤ አንድ ሰው ከቆመ ዙሩ ይቀዘቅዛል። ካርቶኑን ራሱ አትቃወሚው። ደክመውበታል፤ ልባቸውም ክፉ አይደለም። ሃያ አንዱ መስመር ላይ ምን እንደሚጻፍ ግን የማስተካከል ዕድል አለ፤ አንዱ መስመር ምግብ፣ አንዱ ውኃ፣ አንዱ ጭፈራ፣ አንዱ ለአያት ስልክ መደወል። (ለአያት መደወሉን ከመጠጡ በፊት አድርጉት።)

ሾፌር ልሁን ወይ ላልሽው፣ ሁኚ እላለሁ፤ ግን በአንቺ ውል። መኪና መንዳትሽ ከመንገድ አደጋ ያድነዋል፤ ከመለኪያው ግን አያድነውም። እንዲያውም «ሾፌር አለን» ብለው እጃቸውን ይበልጥ እንዲፈቱ ሊያደርጋቸው ይችላል። ስለዚህ ከአሁኑ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ መኪናዬ ይነሳል፤ ከእኔ ጋር የሚመለስ በዚያ ሰዓት ይግባ» በያቸው። ይህ ለአንቺ ከሚያገለግለው በላይ ለእሱ ያገለግላል። «በቃኝ» ማለት የሚያሳፍረው ልጅ «እህቴ ልትሄድ ነው» ማለት አያሳፍረውም። ሰበብ ሁኚለት። አማርኛችሁም እዚህ ይጠቅማል፤ ጓደኞቹ አይሰሙትም። አንድ ቃል ተስማሙ። «ሽሮው ገነፈለ» ካለሽ ውሰጂኝ ማለቱ ነው፤ አንቺም ሆድ ያምሽና ቶሎ ወደ ቤት መሄድ ያሰኝሻል። እንደ ልጅ ጨዋታ ሊመስልሽ ይችላል፤ ግን እነሱም ካርቶን እያንጠለጠሉ ነው።

በጥር ወር ሚኒሶታ መሆናችሁንም አትርሺ። አልኮል የቆዳን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሰውነት የሞቀው ይመስለዋል፤ ሙቀቱ ግን እየወጣ ነው። ካፖርቱን ጥሎ «ሁለት መንገድ ብቻ ነው፣ በእግሬ እሄዳለሁ» የሚል የሰከረ ሰው በዚያ ብርድ ብቻውን አይለቀቅም። ማንም በእግሩ ብቻውን አይሂድ፤ ይህን ለሁሉም ተናገሪ።

አሁን ልብ ብለሽ አንብቢልኝ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ነገሩ ከእጅ ቢወጣ፣ «ተዉት ይተኛ፣ ይለፍለታል» የሚለውን ማንም ይበለው ማን አትስሚ። ሰው ራሱን ከሳተ በኋላም ሆዱ ውስጥ ያለው አልኮል ወደ ደሙ መግባቱን ይቀጥላል። ስትጠሪው ስትቆነጥጪው የማይነቃ ከሆነ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች የሚተነፍስ ከሆነ ወይም በአንድ ትንፋሽና በሚቀጥለው መካከል 10 ሰከንድ ካለፈ፣ ቆዳው ከቀዘቀዘ፣ ከንፈሩ ወይም ጥፍሩ ከጠቆረ ወይም ከገረጣ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሳይነቃ ካስመለሰው፣ ሁሉም ምልክት እስኪታይ አትጠብቂ፤ አንዱ ይበቃል፤ 911 ደውይ። ትውከቱ እንዳያንቀው በጎኑ አስተኝው፤ ሰዎቹ እስኪደርሱም ከጎኑ አትነሺ። ከጓደኞቹ መካከል ገና 21 ያልሞላው ካለ «ፖሊስ ይመጣብናል» ብሎ ሊከለክልሽ ይችላል። በሚኒሶታ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ሕግ አለ፤ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ለታመመ ጓደኛው 911 ደውሎ፣ እርዳታው እስኪመጣ አብሮት ከቆየና ከተባበረ በመጠጣቱ ወይም መጠጥ በመያዙ አይከሰስም። ይህንንም ከልደቱ በፊት ንገሪያቸው፤ በዚያ ሰዓት ሕግ የሚያስረዳም የሚሰማም አይኖርም።

ወደ አክስትሽ ልምጣ። እሷ «አደራ» ስትልሽ ምን ያለችሽ ይመስልሻል? «የሚያደርገውን ሁሉ እየተከታተልሽ ንገሪኝ» ነው ወይስ «ብቻውን አትተይው» ነው? እንደ እኔ ሁለተኛው ነው። አሁን ሄደሽ ብትነግሪያት የመጀመሪያውን ትፈጽሚያለሽ፤ ሁለተኛው ግን ያመልጥሻል፤ በሚቀጥለው ዓመት ችግር ሲገጥመው አይነግርሽማ። ስለዚህ ዕቅዱን አሁን አትንገሪያት። ለእሱ ግን ፊት ለፊት እንዲህ በይው፦ «የነገርከኝን ለእማማ አልናገርም። ሆስፒታል ከገባህ ግን ከሐኪሙ ቀጥሎ የምደውለው ለእሷ ነው።» ይህን አስቀድሞ ካወቀ ብትደውዪም ክህደት አይሆንበትም። ነገሩን ሁሉ ጠልቶ፣ ቁጥርም አልናገር፣ ሰውም አታናግሪ ካለሽ፣ ያን ጊዜ ለእሱ ነግረሽው፣ ተደብቀሽ ሳይሆን እሱ እያወቀ፣ ለእናቱ መንገር ትችያለሽ። ይቆጣሻል። በሕይወት ያለ ሰው ቁጣ ደግሞ ይበርዳል።

አክስትሽን ግን ያለ ሥራ አትተያት። ቅዳሜ ምሳ ትምጣ። ልደቱ አይደል? ድፎ ዳቦዋንና ዶሮ ወጧን ይዛ ትምጣ፤ ጾሙ ገና ነው። ጓደኞቹም ይጠሩ። ማታ ሊያስጠጡት ያሰቡትን ልጅ እናት፣ በዶሮ እጇ ስታጎርሳቸው ካዩ በኋላ መለኪያውን የሚቀዱት እጆች ትንሽ ይከብዳቸዋል። ሆዱም ሙሉ ይሆናል፤ ባዶ ሆድ አልኮልን ቶሎ ወደ ደም ያስገባል።

አንቺስ? ይህን ሁሉ ስጽፍልሽ አንድ ነገር እያሳሰበኝ ነው። በደብዳቤሽ ውስጥ ራስሽን የጠራሽው በአደራ፣ በሾፌርነትና በፍርሃት ብቻ ነው። የበሩን አንኳኳት የምታዳምጠው ልጅ አሁንም ሌሊት ነቅታ የምትጠብቅ ይመስለኛል። ወንድምሽ አንድ ማታ ቢሰክር አባትሽ አይሆንም፤ ይህን በአእምሮሽ ታውቂዋለሽ፤ ሆድሽ ግን የሚያውቀው አይመስለኝም። ያን ማታ የመጠጥ ሽታ መሐል ለሰዓታት መቆም ትችያለሽ? ካልቻልሽ አትቁሚ። መኪናው ውስጥ ወይም አጠገቡ ባለ ምግብ ቤት ሆነሽ በስልክ መገናኘት ይበቃል። ጭራሽ መቅረትም መብትሽ ነው፤ ሌላ የማይጠጣ ሾፌር ካገኛችሁ አደራውን ጥለሻል ማለት አይደለም። ከዚህ ልደት በኋላ ደግሞ ስለ አባትሽ የምታናግሪው ሰው ፈልጊ፤ የዩኒቨርሲቲው አማካሪ ሊሆን ይችላል። አል-አኖን የሚባሉ፣ በቤተሰባቸው ጠጪ የነበረባቸው ወይም ያለባቸው ሰዎች የሚሰባሰቡባቸው ነጻ ስብሰባዎችም አሉ። እስካሁን ለማን ነግረሻል? ለወንድምሽስ ነግረሽው ታውቂያለሽ? ስለዚያ በርና ስለዚያ አንኳኳት ማንቆርቆሪያው ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ብትነግሪው፣ ለማስፈራራት ሳይሆን ለምን እንደፈራሽ እንዲያውቅ ብቻ፣ ከቁጥሮቹ ሁሉ ይበልጥ የሚሰማው እሱን ይመስለኛል።

ሁለት ሳምንት አለኝ ብለሻል። ሽሮውን ለዚህ ሐሙስ አድርጊው።